መርዶ ያልሆነ ዜና

ዜና የጀመርኩት በአፌ ነው። መጻፍ አልችልም ማለቴ አይደለም፤ እችላለሁ፣ ግን እጄ ዘገምተኛ ነው። ትምህርቴን ያቋረጥኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ የጻፈው ነገር ቢኖር የመኪና ታርጋና የመነሻ ሰዓት ነበር፤ ሥራዬ አሰበ ተፈሪ መናኸሪያ፣ ስምሪት ላይ ነበረና። ያኔ ከተማዋን ጭሮ ብሎ መጥራትን የብዙዎቻችን አፍ ገና አልለመደውም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በአንዱ ክረምት፣ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ወደ ሐረር ሲሄድ መንገድ ተበላሽቶበት መናኸሪያችን ውስጥ ሁለት ቀን ተቀመጠ። እኔ ለሚጠይቀኝ ተሳፋሪ ሁሉ ስመልስ ያዳምጠኛል። «ዳገቱ ላይ ድንጋይ ወርዷል፤ ያየው አሁን የገባው የጫት መኪና ሾፌር ነው። ዶዘሩ ከሚኤሶ ማለዳ ተነስቷል። ከቀትር በፊት አትጠብቁ» እያልኩ። በሁለተኛው ቀን ሻይ ጋበዘኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ የምታወራው እኮ ዜና ነው» አለኝ።

«ወሬ ነው ጌታው» አልኩት።

«ወሬ ቢሆንማ ‹አሉ› ትል ነበር። አንተ ማን እንዳየ፣ መቼ እንዳየ ነው የምትናገረው።»

ስልክ ቁጥር ሰጥቶኝ ሄደ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ግን ደወልኩ፣ እሱም አነሳ። እንዲህ ሆኜ ነው የምዕራብ ሐረርጌ ወኪላቸው የሆንኩት። ቴሌ ሄጄ ወረፋ እይዝና፣ ተራዬ ሲደርስ ከእንጨቷ ክፍል ገብቼ ዜናዬን እጮኻለሁ። እሱ በዚያኛው ጫፍ ይጽፋል። መስመሩ ደካማ ስለነበረ ጩኸቴ ውጭ ድረስ ይሰማል። «በዚህ ከተማ ዜና ቀድሞ የሚሰማው ቴሌ ወረፋ የያዘ ሰው ነው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እውነታቸውን ነው።

ያ ጋዜጠኛ ሁለት ነገር አስተማረኝ። አንዱ፣ የሆነውን ነገር በመጀመሪያው ትንፋሽ ተናገር የሚል ነው። ሁለተኛውን ግን ቀድሞም አውቀዋለሁ፤ እሱ ሕግ አደረገልኝ እንጂ። «የሟች ስም ቤተሰቡ ሳይረዳ አትንገረኝ» አለኝ።

በእኛ አገር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ሞት መንገድ ላይ ወይም በስልክ አይነገርም። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ወሬው መጀመሪያ ጎረቤት ጋ ይመጣል። ጎረቤት ይሰማል፣ ይውጠዋል፣ ቀኑን ሙሉ ከሟች እናት ጋር እየሳቀ ይውላል። እናት ጠርጥራ ከጠየቀችም «ትንሽ ጉዳት አግኝቶት ነበር፣ እየታከመ ነው» ይባላል። በማግስቱ ማለዳ፣ ሙስሊም ከሆኑ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ተሰብስበው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይገቡና ያረዳሉ። ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ደንብ ሠራሁ። የስንት ሰው ሞት ቀድሜ ሰምቼ ከቤተሰቡ ጋር ሰላምታ እየተለዋወጥኩ እንዳለፍኩ እግዚአብሔር ያውቃል። በእኔ ዜና ማንም እናት ቀድማ አልተረዳችም። በዚህ ጥቂት እኮራ ነበር፤ አልዋሽም።

ታዲያ ዘመኑ መጣ። መጀመሪያ ሞባይል መጣና ከቴሌ ወረፋ ገላገለኝ። ቀጥሎ ኢንተርኔት መጣ። ጣቢያችን ጭሮ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የኢንተርኔት ገጽ የምትመራ ልጅ ከአዳማ ላከ። ከእኔ በዕድሜ በሠላሳ ዓመት ታንሳለች፤ አለቃዬ ግን እሷ ሆነች። ከመምጣቷ በፊት «በስልክ ዜና የሚናገሩ ወኪሎች ሊቀሩ ነው» የሚል ወሬ ተናፍሶ ነበር። እኔም እሷ የመጣች ቀን የሚነገረኝን ለመስማት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ሰው ሲሰናበትም ንጹሕ ቢሆን ጥሩ ነው ብዬ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት በድምፅዎ የማውቅዎት?» አለችኝ ብድግ ብላ።

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«እንደዚያ በስልክ የሚነግሩንን፣ በዚህ ላይ ቢነግሩን ምን ይመስልዎታል?» ብላ የራሷን ስልክ ወደ ፊቴ አዞረችው። ጥቁር መስተዋት ውስጥ አንድ የደነገጠ ሽማግሌ አየሁ። እኔው ነኝ።

እንግዲህ መማር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ወር መሳቂያ ነበርኩ። ቦኬ ገበያ ሄጄ የማሽላ ዋጋ ቀረጽኩ ብዬ ስመለስ፣ ዐሥር ደቂቃ ሙሉ የራሴን አውራ ጣት ቀርጬ ተገኘሁ። ሌላ ጊዜ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ከአንድ የባጃጅ ሾፌር ጋር የተጨቃጨቅኩትን መዝግቦ ራሱ ላከላት። «ጋሼ፣ ይኼንንም እንልቀቀው? ካለው ዜና ሁሉ ይሻላል እኮ» እያለች እስክታለቅስ ሳቀች። ግን አንድም ቀን አልሰለቸችኝም። ጽሑፍ ሲያቅተኝ «አይጻፉ፣ ይናገሩና ይላኩልኝ» አለች። እኔ ተናግሬ እልካለሁ፤ እሷ ትጽፈዋለች፤ አንዳንዴም ድምፄን እንዳለ ትለቀዋለች። ቴሌ እንጨት ክፍል ውስጥ የለመድኩት ጩኸት፣ ያ አጭር አጭር አድርጎ መናገር፣ እዚህ ላይ ዋጋ አገኘ። ሰው በስልክ ዜና የሚሰማው ቆሞ ነው፣ መንገድ እየሄደ ነው፤ ረጅም አይወድም። ለእሷ ያለብኝን ምስጋና በዚህች ጽሑፍ አልጨርሰውም። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ተናግራ ወደ ቤቴ ልትሸኘኝ ትችል ነበር።

አሁን የምነግራችሁ ቀን ግን ሁለታችንም የተፈተንንበት ነው።

አንድ ማለዳ ሚኤሶ ያለ ወዳጄ ደወለልኝ። ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ነው፤ ሱቁ ዋናው መንገድ ዳር ስለሆነች ከእሱ ዓይን የሚያመልጥ መኪና የለም። አንድ የጫት መኪና ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ተገልብጧል አለኝ።

«ሰውስ?» አልኩት።

«ሾፌሩ እግሩ ተሰብሯል። ረዳቱ ደህና ነው። አሁን ወደ እናንተ ሆስፒታል ጫንነው።»

«አየኸው? በዓይንህ?»

«በዓይኔ ምን ማለት ነው? እኔ ነኝ ተሸክሜ ያወጣሁት። እየተሳደበ ነበር፣ ደህና ነው።»

ትራፊክ ፖሊስ ጋም ደወልኩ፤ ቃሉ አንድ ሆነ። ከዚያ ለአለቃዬ ተናግሬ ላክሁ፦ ዛሬ ማለዳ ሚኤሶ አቅራቢያ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ ሾፌሩ ላይ ጉዳት ደርሷል፤ ሕክምና እየተደረገለት ነው። ስም አልጠራሁም፤ ቤተሰብ ገና አልሰማም። ጎሚስታው ሦስት ፎቶ ልኮልኝ ነበር። ሁለቱ ጎማና አቧራ ብቻ ናቸው። ሦስተኛው የመኪናውን ፊት አጥርቶ ያሳያል። «ይኼ ጥሩ ነው» ብዬ ራሴ መረጥኩላት።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው። ከመኪናው መስተዋት በላይ በቀይ ቀለም «ቀስ ብለህ ና» ተብሎ ተጽፏል። ከቦኬ እስከ ሚኤሶ ይኼ ጽሑፍ ያለበት መኪና አንድ ብቻ ነው። ሾፌሩ ከቤት ሲወጣ እናቱ ሁልጊዜ የሚሉት ነገር ነውና አስጽፎት ነበር። እኔ ደግሞ መናኸሪያ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ አገር መኪና የሚታወቀው በታርጋው ሳይሆን በግንባሩ ጽሑፍ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ሬዲዮ ፎቶ የለውም። ሃያ ዓመት ስም ካልጠራሁ አልተናገርኩም ብዬ የኖርኩ ሰው፣ ፎቶው ስሙን ሲጠራ አልሰማሁትም።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተለቀቀ። እኔ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አለቃዬ ደወለች።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይምጡ።»

ስደርስ ስልኳን ሰጠችኝ። ከዜናችን ሥር የተጻፈው ኮሜንት ይወርዳል ይወርዳል አያልቅም። አላህ ይዘንለት። ነፍስ ይማር። እናቱን አላህ ያጽናት፣ አንድ ልጇ ነበር።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለች። «ጉዳት ደርሶበታል፣ እየታከመ ነው ነው ያልነው። የት ቦታ ነው ሞተ ያልነው?»

ያኔ ነው የገባኝ። አለቃዬ የአዳማ ልጅ ናት። «ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው ሲሞት የሚባለው ልክ እንደዚህ ነው» አልኳት። «ጉዳት ደርሶበታል፣ እየታከመ ነው። ከዚያ ሌሊቱ ይነጋና መርዶ ይገባል። የመኪናውን ፎቶ ያየ ሰው ማን እንደሆነ አውቋል፤ ቃላችንን ያነበበ ሰው ደግሞ መሞቱን ተረድቷል።»

«እውነት ተናግረን?»

«እውነት ተናግረን።»

ፎቶውን አነሳችው። ይኼ ባሰ። «ፎቶውን አነሱት፣ እናቱ እንዳታይ ነው» የሚል ተጻፈ። ለእያንዳንዱ ሰው «ሾፌሩ በሕይወት አለ» ብላ መለሰች። «እሺ፣ ገብቶናል፣ እናንተም እንዲህ ማለት አለባችሁ» አሏት። አንዱማ «እግዜር ይስጥሽ፣ ጨዋ ነሽ» ብሎ አመሰገናት። እስካሁን ሳስታውሰው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን አልሳቅሁም።

የሾፌሩ እናት ቦኬ ነው የሚኖሩት። ባል የሞተባቸው ናቸው፤ ደም ግፊት አለባቸው፤ ልጃቸው አንድ እሱ ነው። ስልካቸው ትንሿ ናት፣ ኢንተርኔት አታውቅም። እንደውልላቸው ስንል መስመሩ የለም። ቦኬ መብራት ሲጠፋ የስልኩ ምሰሶም አብሮ ይጠፋል፤ ያን ቀን ከረፋዱ ጀምሮ ጠፋ። ወሬው ገብቶ በሩ ከኋላው ተዘጋ። ማስተካከያችን ውጭ ቀረ። ሙሉ ቦኬ የልጁን ሞት ሰምቷል፣ እናት ብቻ አልሰሙም፤ እና ነገ ከሱብሒ በኋላ ሽማግሌዎች ገብተው በሕይወት ያለ ልጃቸውን ሊያረዷቸው ነው። ደም ግፊቱን አስቡት።

«እሄዳለሁ» አልኩ።

«ሄደው ምን ይሏቸዋል? ተጎድቷል፣ እየታከመ ነው ሊሉ ነው?» አለች። ልክ ናት።

ሆስፒታል አብረን ሄድን። ልጁ እግሩ በእንጨት ታስሮ ተኝቷል፤ ፊቱ ከአቧራው ሌላ ምንም አልሆነም። አለቃዬ ስልኳን አውጥታ «ለእናትህ አንድ ነገር ተናገር» አለችው። «ደህና ነኝ አዮ፣ አታስቢ» አለ፤ እናቱን አዮ ነው የሚላቸው። ቀርጻ ጨረሰች። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ይኼን ቃል ሰው መቼም ሊለው ይችላል፣ ባለፈው ዓመትም ሊለው ይችላል። ሬዲዮ ላይ ሰው ስጠይቅ የምጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅኩት።

«ትናንት ከቤት ስትወጣ የመጨረሻው ነገር ምን ነበር?»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ምሳ ቋጥራልኝ ረስቼው ወጣሁ። መኪና አስነስቼ ስሄድ ከኋላ ትጮህብኛለች። ቁጣዋ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው።»

«ይኼንኑ ለእሷ ንገራት» አልኩት።

ልጁ ወደ ስልኩ ዞረና በኦሮምኛ፣ እንደ ልጅ እያፈረ፣ «አዮ፣ የቋጠርሽውን ረስቼ ሄድኩ፣ ይቅር በይኝ፤ ከበርጩማው ላይ አንሺው፣ ድመቷ ሳትደርስበት» አለ። አለቃዬ ቪዲዮውን ወደ እኔ ስልክ አዛወረችው። «ጋሼ፣ ይኼን እንዴት እንደሚከፍቱት ያውቃሉ አይደል?» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። ሁለት ጊዜ አስከፈተችኝ።

ወደ ቦኬ የምትመለስ ባዶ የጫት መኪና አገኘሁ። መናኸሪያ ያረጀ ሰው ትርፉ ይኼ ነው፣ ጋቢና አያጣም። ከእኔ ጋር አንድ የጫት ነጋዴ ተቀምጧል። ሾፌሩ ከከተማ ሳንወጣ ጀመረ።

«ሰምታችኋል? ያ ‹ቀስ ብለህ ና› ሞተ እኮ።»

«አልሞተም» አልኩ። «አሁን ከእሱ ጋ ነው የመጣሁት።»

ነጋዴው ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። «ልክ ነዎት አባባ። እንደዚያ ነው የሚባለው።»

«አልሞተም ስልህ! እግሩ ነው የተሰበረው።»

«አዎ፣ አዎ፣ እግሩ ነው» አለ፤ ሾፌሩንም በዓይኑ ጠቀሰው። ሁለቱም አዘኑልኝ። ቪዲዮውን ከፍቼ አሳየኋቸው። ሾፌሩ መሪውን ይዞ አንገቱን አስግጎ አየና «ወላሂ እሱ ነው!» አለ። ነጋዴው ግን የጫት ነጋዴ ነው፤ ሲገዛም ሲሸጥም የሚጠረጥር። «ይኼ መቼ የተነሳ ነው?» አለ። ድመቷ ጋ ሲደርስ ግን ሳቀ። «ሞቶ ቢሆን ስለ ድመት አያስብም» አለ። ትንሽ ተጽናናሁ። ግን አንድ ነገር ገባኝ፦ እነዚህ ሰዎች ስልኩን ከማየታቸው በፊት እኔን አይተው ፈርደው ነበር። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ፣ ከጭሮ ወደ ቦኬ፣ በዚያ ቀን። እኔ ራሴ መርዶ መስዬ ነው የምሄደው! እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ እንዴት አድርጌ ልግባ?

ቦኬ ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቤቱን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከአጥሩ ውጭ ሽማግሌዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንድ ቤት ጥግ ላይ የድንኳን እንጨት ተደብቆ ተጋድሟል። ግቢው ውስጥ ሴቶች ገብተዋል፤ አንዷ ወንፊት ልትዋስ፣ አንዷ ጨው፣ አንዷ እንዲሁ። እናትየው መሐላቸው ተቀምጠው ማሽላ ያበጥራሉ፣ ፊታቸው ልክ አይደለም፤ ሴቶቹ ሁሉ ከልክ በላይ ይስቃሉ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነስቶ ክንዴን ያዘኝ። «አሰላሙ አለይኩም። ከጭሮ ነው? ዛሬ አይነገርም። ነገ ከሱብሒ በኋላ አብረን እንገባለን።»

«ልጁ አልሞተም» አልኩ በሹክሹክታ። «እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል።»

ሽማግሌው ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። «አልሐምዱሊላህ። አዎ። እንደዚያ ነው የምንላት።»

ስልኩን አወጣሁ። ፀሐዩ መስተዋቱ ላይ ተኝቶ ምንም አይታይም። ድምፁን አሰማኋቸው። ሽማግሌው ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና ቀና አለ። «በዚህ ነገር እኮ የሞተም ይናገራል» አለኝ። ሌሎቹም ልክ ነህ አሉት።

ያን ጊዜ የወሰንኩትን ማን እንደነገረኝ አላውቅም። መርዶ በማለዳ ነው የሚገባው፤ አሁን ከሰዓት በኋላ ነው። መርዶ በቡድን ነው፤ ብቻዬን እገባለሁ። መርዶ ጋቢ ለብሶ ነው፤ ጋቢዬን አውልቄ ለሽማግሌው «ይያዙልኝ» ብዬ ጣልኩበት። መርዶ ዝም ብሎ ነው የሚገባው፤ እኔ ከአጥሩ በር ጀምሬ ቴሌ ውስጥ የለመድኩትን ጩኸት ለቀቅኩት።

«የዚህ ቤት ባለቤት! እንግዳ መጥቷል! ርቦኛል!»

ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ዞሩ። ከኋላዬ ሽማግሌው «ኧረ ይኼ ሰውዬ!» ሲል ሰማሁት። እናትየው ሰፌዱን አስቀምጠው ቀና አሉ፤ አዩኝ፤ ብዙ አዩኝ።

«ያ ጃርሳ፣ ከየት ነው?» አሉኝ። በኦሮምኛ «አንቱ ሽማግሌ» ማለታቸው ነው።

«ከጭሮ ነው። ልጅዎ ጋ ነበርኩ፣ ሰላም ብሎዎታል። ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ምሳ ይስጡኝ።»

«ምሳ?»

«ምሳ።»

እናትየው ቆሙ፣ ከዚያ መልሰው ተቀመጡ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ሐዘን ሊገባበት ካለ ቤት እህል ለምኖ አይበላም። ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸውም ያውቃሉ። «አልሞተም» ብዬ ዐሥር ጊዜ ብምል የማያደርገውን፣ ሆዴ አደረገው። አለቀሱ፤ ሲያለቅሱ ግን ይስቁ ነበር።

«ምን ሆነ ታዲያ?»

«እግሩ ተሰብሯል። ሌላ የለውም። ራሱ ይንገርዎት።»

ቤት ውስጥ ገብተን፣ ጨለማው ላይ፣ ስልኩን ከፈትኩላቸው። ልጃቸው ምሳውን ረስቶ እንደሄደ ሲናገር አቋረጡት። «እኔስ ምን እል ነበር! ስጮህብህ አልሰማህም?» እያሉ ለስልኩ ይቆጣሉ። ሦስት ጊዜ አየነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ተቆጡት። ከዚያ በሩ ላይ ወጥተው ወደ አጥሩ ጮሁ።

«እናንተ ሽማግሌዎች! ያ የተጋደመው እንጨት ለምንድን ነው?»

ሽማግሌዎቹ እግር እግራቸውን አዩ። ጋቢዬን የያዘው ብቻ ቀና አለ። «ለሠርግ ነው» አለ። «ልጅሽን ልንድረው ነው።»

«በአንድ እግሩ?»

«ቀስ ብሎ ይጨፍራላ!»

ያን ቀን ቦኬ ላይ እንደሳቅሁት ስቄ አላውቅም። የማሽላ እንጀራ በእርጎ ቀረበልኝ። በእውነትም ርቦኝ ነበር፤ ውሸት አልተናገርኩም። እየበላሁ ሳለ አለቃዬ ትዝ አለችኝ፤ ጭሮ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ለማያምኗት ሰዎች ትመልሳለች። ስልኩን እንጀራዬ አጠገብ አስቀምጬ መቅጃውን ከፈትኩና «እናቴ፣ ልጅዎ ሞተ ብለው ላለቀሱት ሰዎች የሚሉት ካለ ይበሉ፤ ሁሉም ይሰማዎታል» አልኳቸው።

«ሁሉም?»

«እስከ ሚኤሶ ድረስ።»

ልብሳቸውን አስተካከሉ። ድምፅ ብቻ ነው ብላቸውም አስተካከሉ። «ያለቀሳችሁልኝ አላህ ይስጣችሁ» አሉ በኦሮምኛ። «ልጄ አለ። እግሩ ተሰብሯል፣ ይኸው ነው፣ ሌላ አትጨምሩበት። ሞተ ያላችሁ ጭሮ ሆስፒታል ሂዱና ውኃ አቀብሉት። ሄዳችሁ ያላያችሁ ደግሞ ዝም በሉ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይበቃል?» አሉኝ። አፌ ሙሉ ስለነበረ ራሴን ነቀነቅኩ።

ፀሐይ ሳይጠልቅ የምትመለስ መኪና አገኘሁ። ቦኬን ለቀን ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስንወጣ መስመር ያዘልኝ። ሾፌሩን «አቁምልኝ» አልኩት። ወርጄ የእናትየውን ድምፅ ላክሁና ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቼ ቆምኩ፤ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ያየኛል፤ ክቧ ምልክት ትዞራለች ትዞራለች፣ በመጨረሻ መልእክቱ ሄደ። ወዲያው አለቃዬ ደወለች።

«ጋሼ! ሰማሁት» አለች፤ ድምፅዋ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነው። «ግን ከኋላ የሚሰማው ምንድን ነው? ቋጭ ቋጭ የሚል።»

«እኔ ነኝ። እየበላሁ ነበር።»

«ውይ ጋሼ። እቆርጠዋለሁ፣ አጸዳዋለሁ፣ ግድ የለም።»

«አትቁረጪው» አልኳት።

«አይ ጋሼ፣ ያስቅብናል። የጣቢያው ገጽ ነው እኮ።»

«ልጄ፣ አንቺ ብዙ አስተምረሽኛል፣ አመሰግንሻለሁ። አንድ ጊዜ እኔን እመኚኝ። እንዳለ ልቀቂው።»

ከዚያ «እሺ» አለች። ያ እሺ እስከ ዛሬ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ምክንያቱን ገና አላወቀችም፤ አምናኝ ነው የለቀቀችው።

ጭሮ ስንደርስ ቢሮው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፣ ስልኳን ዘርግታ። ከእናትየው ድምፅ ሥር የተጻፈውን እንዳነብ ሰጠችኝ። እጄ ዘገምተኛ ቢሆንም ዓይኔ ያነባል። የመጀመሪያው ከሚኤሶ ነበር። «ስሙ፣ ሰውዬው እየበላ ነው! ልጁ አለ ማለት ነው!» ይላል። ከሥሩ ሌላው፣ «ወላሂ እየበላ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።» ከሥሩ ሌላው። ማንም ስለ እናትየው ቃል ገና አልጻፈም፤ ሁሉም የሚያወራው ስለ እኔ መንጋጋ ነው።

አለቃዬ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። «ጋሼ፣ ይኼን ነገር ያስረዱኝ» አለች፣ ወንበር ሳበችልኝ፤ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።